ቀይ ቀበሮ በስንት ሜጋፒክስል ይነሳል?

«ጥሩ ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ፈልግልኝ።» የታላቅ እህቴ ባል፣ ጋሼ፣ ደውለው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ ያሉኝ ይኼንን ነው። ጊዜው ታኅሣሥ 2017 ነበር። በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ቤተሰቡ ሐዋሳ ሁለት ቀን አድሮ ወደ ባሌ ሊወጣ አስቧል። ተጓዦቹ ስድስት ናቸው፦ ጋሼ፣ እህቴ፣ የ16 ዓመቱ ትልቅ ልጅ፣ የ13 ዓመቷ መካከለኛ፣ የ6 ዓመቱ ማሙሽ እና እማዬ። ለካሜራ የተመደበው 70 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ሳንቲም የለም ተብያለሁ።

ዘጠኝ ዓመት የሰርግ ፎቶ ሳነሳ ስለኖርኩ በዘመድ ዘንድ «የካሜራው ሰው» እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዓመት አምስት ስድስቴ ይመጣልኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሞዴል ስም ጠርቼ እገላገላለሁ። ይኼኛውን ግን ከስልክ ጥሪው ጀምሮ አልበሙ እስኪታተም ድረስ ተከታትዬዋለሁ። ያበላሸሁትም ነገር ስላለ በዝርዝር ልጻፈው።

ቅዳሜ ቡና ላይ

ሞዴል ከመጥራቴ በፊት ቤታቸው ሄድኩ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ «ስልካችሁ እያለ ካሜራ ለምን አስፈለጋችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። እህቴ ቀደመች። ከአምስት ዓመት በፊት ላንጋኖ ሄደው ነበር። ማሙሽ ገና ዳዴ ይል ነበር፣ አሸዋ ላይ ሲንከባለል በእሷ ስልክ ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ ተነስቷል። በሳምንቱ ስልኩ ታክሲ ውስጥ ቀረ። ፎቶዎቹም አብረው ሄዱ። «ያኔ ካሜራ ቢኖረን ኖሮ አይጠፋም ነበር» አለች።

ካሜራም ታክሲ ውስጥ ይረሳል። ይኼን ስላት ሳቀች እንጂ አልተከራከረችም። ችግሩ ፎቶዎቹ አንድ ቦታ ብቻ መቀመጣቸው ነበር፤ ለዚህ ደግሞ 70 ሺህ ብር አያስፈልግም። ስልካቸው ፎቶን በራሱ ወደ ኢንተርኔት እንዲገለብጥ ማድረግ ይቻላል። ጋሼ «ጥቅሌን ይጨርስብኛል» ብለው አጥፍተውት ኖሯል፤ በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ አድርጌ መልሼ ከፈትኩት። ለቤተሰቡም አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ፎቶ እዚያ ሲላክ «እንደ ፋይል» ካልተባለ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው፣ እንዴት እንደሚላክ ለትልቁ ልጅ አሳየሁት። ከካሜራው ጥያቄ ግማሹ ሦስተኛው ሲኒ ሳይቀዳ በነጻ ተመለሰ ማለት ነው።

ጋሼ ግን አልረኩም። «ባሌ ቀይ ቀበሮ አለ፤ እሱን በስልክ ላነሳው ነው?»

እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ወደ በረንዳው ወጣን፤ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው። ማዶ ካለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ጥቁር ሮቶ ተቀምጧል፤ በነጭ የተጻፈበት ጽሑፍ አለ። ጋሼ በስልካቸው እስከ መጨረሻው ዙም አድርገው አነሱት። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ በነበረው ካሜራ፣ ሌንሱን 250 ሚሊሜትር ላይ አድርጌ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሩቁ ይቀርባል) አነሳሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አየን። በስልኩ ላይ ፊደሎቹ ቀልጠው የኖራ ጭረት መስለዋል፤ በካሜራው ላይ ግን የጽሑፉ ቀለም የተላጠበት ቦታ ሁሉ ይቆጠራል። የስልክ ዙም ከተወሰነ ልክ ካለፈ ፎቶውን ቆርጦ ከማሳደግ በቀር የሚሠራው የለም። የጋሼ ስልክ 50 ሜጋፒክስል ነው፤ የእኔ ካሜራ 24።

ስለ ሜጋፒክስል፣ ማለትም ፎቶው በስንት ሚሊዮን ነጥብ እንደሚሠራ፣ ያወራነው ያን ቀን ብቻ ነው። 20 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ጥሩ ፎቶ ለማሳተም 8 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ካሜራ ይኼን በእጥፍ ያልፋል።

ማን ይሸከመዋል?

ቀጥሎ የጠየቅኩት ካሜራውን ማን እንደሚይዘው ነበር። ጋሼ ሹፌር ናቸው። እህቴ ማሙሽን ትይዛለች፣ እማዬን ትደግፋለች። ትልቁ ልጅ ከስልኩ ቀና አይልም። መካከለኛዋ ልጅ ግን ከበረንዳው ሳትወርድ ቀርታ፣ ካሜራዬን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጣሪያ ላይ ያሉትን እርግቦች ታነሳ ነበር። ያለ ማንም አስተማሪ የቅርቡንና የሩቁን ዙም እያፈራረቀች ነው።

ገዢው ጋሼ ቢሆኑም ካሜራው የሚመረጠው ለ13 ዓመት ልጅ እጅ መሆኑን እዚያው ቆረጥኩ። ለሳቸው ግን ወዲያው አልነገርኳቸውም።

የወደቁት አማራጮች

የመጀመሪያው የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን «ካኖን አር50 ይዤላችሁ እመጣለሁ» አለ። በፈረንጆቹ 2023 የወጣ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ) ነው፤ ከባትሪና ከሜሞሪ ጋር 375 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ዓይንን ራሱ ፈልጎ ፎከስ ያደርጋል። ቢገኝ እኔም አልጠላ። ሲወጣ ዋጋው ከትንሹ 18-45 ሌንስ ጋር 800 ዶላር ነበር፤ ቀበሮውን የሚያቀርበው 55-210 ሌንስ ደግሞ 350 ዶላር። ብሩ በሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ ይኼ ሒሳብ የጋሼን በጀት እጥፍ ያደርገዋል። ሌላም ነገር አለ። የአር50 ሌንስ አፍ (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት) አዲሱ ዓይነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለኪራይም ሆነ ለሽያጭ እንደ ልብ የሚገኘው የድሮው የካኖን አፍ ነው። ሌንሱ ቢበላሽ ወይም ሌላ መዋስ ቢያምራቸው የሚሄዱበት ጠባብ ነው።

ሁለተኛውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁንም ትክክለኛው መልስ እሱ ነበር እላለሁ። ካኖን ኤስኤክስ740 የምትባል ኪስ የምትገባ ካሜራ አለች። ክብደቷ 299 ግራም ሲሆን 40 እጥፍ ዙም አላት፣ ሌንስ መቀየር የለም፣ አቧራም እንደ ልብ አይገባም። ድክመቷ ብርሃን የምትቀበልበት ሴንሰሯ ነው፤ የተለመዱት ጀማሪ ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ያለ፣ ሌንሳቸው የሚቀየር ካሜራዎች) ከሷ አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ የሚሰፋ ሴንሰር አላቸው፤ ስለዚህ ሲጨልም ፎቶዋ ይሻክራል። ፎቶዋን ለጋሼ ሳሳያቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ይቺ አሻንጉሊት አይደለችም እንዴ?» አሉ። ነገሩ እዚያው አለቀ። ሰው ካሜራ ሲገዛ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ነገር ጭምር እንደሚገዛ ሰርግ ቤት ውስጥ ተምሬአለሁ፤ አልተከራከርኩም።

ሦስተኛው ምንም ሳይገዙ ሁሉንም መከራየት ነበር። እህቴ «ልጅቷ ከጉዞ በኋላስ?» ብላ ጣለችው። ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

ሁለት ፊደል

ስለዚህ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ካኖን 2000ዲ ከ18-55 ሌንስ ጋር አወጣልን። ሻጩ «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፤ ከሳጥኑ ብዙም አልወጣም» አለ። ዋጋው ከበጀቱ በታች ነበርና ጋሼ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። እኔ ሌንሱን አዙሬ ፊቱ ላይ ያለውን ቀለበት አነበብኩ። ከ18-55 ቀጥሎ «አይኤስ» የሚሉት ሁለት ፊደላት የሉም። ይኼ ሌንስ በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ አይኤስ ያለበት የእጅን መንቀጥቀጥ ያርማል፣ ሌላኛው አያርምም። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ቀን ፀሐይ ላይ ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ማታ ቤት ውስጥ፣ በተለይ በልጅ እጅ፣ አንዱ የጠራ ሌላው የደበዘዘ ፎቶ ይሰጣል።

ጋሼ «ለሁለት ፊደል ብለን ልንተወው ነው?» አሉኝ።

ሌላም ያላማረኝ ነገር ነበር። የመያዣው ጎማ ጠርዝ ላይ ተነስቷል፣ የታችኛው ብሎን ጥርሱ ተበልቷል። «ከሳጥኑ ብዙም ያልወጣ» ካሜራ ብሎኑ አይፈታም። አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ሦስት ሺህ ፎቶ እናነሳለን፤ ሃምሳ ሰርግ የሠራ ካሜራ ሻተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ከመቶ ሺህ በላይ ተመቷል። በኒኮን ቢሆን ቁጥሩ ከራሱ ከፎቶው ፋይል ውስጥ ይነበባል፤ በነዚህ ካኖኖች ግን ፋይሉ ውስጥ ስለማይጻፍ ጎማውንና ብሎኑን ማየት ነው። አመስግነን ወጣን። ጋሼ እስከ መኪናው ድረስ አላናገሩኝም።

በመጨረሻ ያገኘነው ካኖን 200ዲ ነው፤ ሰርግ ላይ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ለእህቱ ገዝቶላት እሷ ብዙም ያልነካችው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ሞዴል ስለሆነ ዕድሜው ገፋ ብሏል። ነገር ግን ከባትሪው ጋር 453 ግራም ስለሚመዝን የ13 ዓመት ልጅ አንገት ቀኑን ሙሉ ይችለዋል። ስክሪኑ ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፤ በጣት ሲነኩት የነኩት ቦታ ላይ ፎከስ ያደርጋል፤ ስልክ የለመደች ልጅ ምንም ማስረዳት አያስፈልጋትም። ሌንሱ አይኤስ አለው። ሁለት ባትሪ ጨምሮ በ62 ሺህ ተስማማን።

ፍተሻው አንድ ሰዓት ፈጀ። የስልክ ባትሪ አብርቼ በሌንሱ ኋላ በኩል አየሁ፤ ሻጋታ የገባበት ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ያሳያል። ባትሪዎቹን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አሽከረከርኳቸው፤ ያበጠ ባትሪ እንደ እንዝርት ይሾራል። ከዚያ ሌንሱን በእጅ ፎከስ ላይ አድርጌ፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 22 አጥብቤ ሰማዩን አነሳሁ። ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ በሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። አንድ ትንሽ ነጥብ ብቻ ነበረች፤ በንፋሽ ለቀቀች።

ሜሞሪውን ለብቻው ገዛን። 128 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ግን ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ሜሞሪ በየገበያው አለ፤ ሲሞላ ዝም ብሎ የቀደመውን ያጠፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ እስኪሞላ ፊልም ገልብጦ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ከፍቶ ማየት። እኛ የገዛነው 32 ጊጋ ነበር፤ ለአራት ሺህ ፎቶ ገደማ ይበቃል።

የተረፈው ብር ረጅም ሌንስ አይገዛም። 18-55 ብቻውን ደግሞ ከስልኩ ያን ያህል አይርቅም፤ ያለ ረጅም ሌንስ ቢሄዱ ቀበሮው ነጥብ ሆኖ ነበር የሚመለሰው። የእኔን ሌንስ እንዳልሰጣቸው ያን ሳምንት ሰርግ ነበረኝ። ስለዚህ 55-250 አይኤስ ለስምንት ቀን ተከራየን። በዚህ ካሜራ ላይ 250ው በድሮው ፊልም ካሜራ እንዳለ 400 ሚሊሜትር ያቀርባል። አከራዩ መታወቂያ መያዣ ይፈልጋል። ጋሼ መታወቂያቸውን ሊያወጡ ሲሉ ከሞጆ እስከ ጎባ ያለውን ኬላ ሁሉ አስቤ የእኔን አስያዝኩ። ያን ሌንስም ቤት ወስጄ በዚያው በሰማይ ዘዴ ፈተሽኩት። ይኼን ያዙልኝ።

መንገድ ላይ

ለልጅቷ ያስተማርኳት ሁለት ነገር ነው። ለሰውና ለቦታ አረንጓዴው አውቶማቲክ። ለእንስሳ ፍጥነቱን ራሷ የምትመርጥበት «ቲቪ»፣ የሰከንድ 1/500 ላይ፤ ረጅም ሌንስ የእጅን ትንሽ እንቅስቃሴ ያገዝፋልና ከ1/400 በታች ማውረድ ፎቶን ሊያደበዝዝ ይችላል። ሌላውን ተይው አልኳት።

ሐዋሳ ላይ ረጅሙ ሌንስ ከቦርሳ አልወጣም። አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳዎች ዓሣ ለመለመን እግር ሥር ድረስ ስለሚመጡ፣ ማሙሽ ከቁመቱ የሚበልጥ ወፍ አጠገብ ቆሞ በ18-55 ተነስቷል። ጉሬዛዎቹም ከአጥር ላይ ነበሩ። ከሻሸመኔ በዶዶላ አድርገው ዲንሾን ሲያልፉ ስለመሸ አልቆሙም፤ ጎባ አደሩ።

በማግስቱ እማዬና እህቴ ጎባ ቀሩ፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ለእማዬ ልብ አይሆንም። ሌሎቹ ገና ሣሩ ላይ ውርጭ እያለ ወጡ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስጎብኚው ጣቱን ወደ ግራ ዘረጋ። ቀይ ቀበሮ! በዓለም ላይ ከቀሩት፣ አምስት መቶ ከማይሞሉት አንዱ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሚኖሩበት በባሌ። ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ እንደ ድንጋይ ቆሞ ነበር። ልጅቷ ሌንሱን ቀይራ፣ መስኮቱ ላይ ክርኗን አስደግፋ አርባ ያህል ፎቶ አነሳች።

ማታ ከጎባ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተሰብሯል። «አጎቴ፣ ሁሉም ጉም ነው። ቀይ ጉም።»

ፍጥነቱን ጠየቅኳት፤ 1/500። መስታወቱ ተጠርጓል? ተጠርጓል። ሲነኩት «ጢጥ» ይላል? ዝም አለች፤ ከዚያ «አይልም» አለች። የሌንሱን ጎን በስልክ አንስታ እንድትልክልኝ ነገርኳት። ፎቶው ሲገባ አየሁትና ፊቴ ጋለ። የጎኑ ማብሪያ ኤምኤፍ ላይ ነው፤ በእጅ ፎከስ። ሰማዩን ሳነሳ ወደዚያ አድርጌው ሳልመልሰው ነው የሰጠኋት። ሰርግ ላይ ይኼን ብሠራ ኖሮ አልከፈልም ነበር። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳት፤ በጥፍሯ ወደ ኤኤፍ (ሌንሱ በራሱ ፎከስ ወደሚያደርግበት) ገፋችው፤ «ጢጥ» የሚለውን በስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

ሁለተኛ ዕድል አገኙ። በማግስቱ በሳነቴ አቋርጠው ወደ ሐረና ጫካ ወረዱ። ጠዋት ብርዱ አንዱን ባትሪ ቀይ አስበራው፤ ትልቁ ልጅ ብብቱ ሥር ከቶ አሞቀውና ተመለሰ (የ16 ዓመት ልጅ ከጠቀመ እንዲህ ነው)። ሐረና ሲደርሱ ደግሞ ከብርድ የመጣው ሌንስ በጫካው ሙቀት ላብ አጠመቀው፤ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቁ፤ እስከዚያው ስልክ ሠራ። ካሜራውን ሳይወርዱ በፊት በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መተው ነበር፤ ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ይኼንንም አልነገርኳቸውም ነበር።

ከሰዓት ሲመለሱ ሳነቴ ላይ ሌላ ቀበሮ መንገዱን አቋርጦ ስልሳ ሜትር ያህል ርቆ ቆመና ዞሮ አያቸው። ከጀርባው አንድ ረጅም ጅባራ ቆሟል። የአንገቱ ነጭ፣ የጆሮው ጠርዝ፣ አፉ ዙሪያ ያለው አፈር ሳይቀር ይታያል። በፊትና በኋላ የተነሱት ዘጠኝ ፎቶዎች አሉ፤ ደህና የሆነው አንዱ ነው።

አልበሙ

ስልሳ ፎቶ መርጠን አሳተምን። ቆጥሬዋለሁ፤ 34ቱ በስልክ የተነሱ ናቸው፣ 26ቱ በካሜራው። ምግብ፣ መኪና ውስጥ፣ ሆቴል፣ ድንገተኛ ሳቅ ሁሉ የስልክ ነው። እንስሳው፣ ማታ እሳት ዳር የተነሳው የልጆቹ ፊት፣ በዲንሾ ሲመለሱ ያገኟቸው የደጋ አጋዘኖች የካሜራው ናቸው። ጋሼ ቀበሮውን በትልቁ አሳትመው ሳሎን ሊሰቅሉ ፈለጉ። እህቴ ግን ሌላ መረጠች፤ እማዬ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነጠላቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው የተጠበሰ ዓሣ አጥንት እየለቀሙ፣ ሳያውቁ የተነሱበት ፎቶ። ያነሳው ማሙሽ ነው፤ በእናቱ ስልክ። ትንሽ ተንጋዷል። እሱ ተሰቀለ፤ ቀበሮው ልጅቷ መኝታ ክፍል ገባ።

ሌንሱን ልመልስ ስሄድ አብራኝ መጣች። አከራዩ በባትሪ ውስጡን አየ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ የጎኑን ማብሪያ ሁለቴ ወዲያ ወዲህ አደረገ። እሷ ጣቱን በዓይኗ ትከተላለች። መታወቂያዬን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ቆመች።

«ለፋሲካ ከዕለቱ ስንት ቀን ቀደም ብሎ ነው የሚያዘው?» አለችው።